በሬ ያረሰው፣ ጋዝ ያበቀለው

ስለ ደጋው ገበሬ የሚባል፣ ተደጋግሞ ከመባሉ የተነሳ ማንም ቆም ብሎ የማይመረምረው አንድ ነገር አለ። ገበሬያችን ዛሬም በበሬ ነው የሚያርሰው፤ ነዳጅ የሚባለው ነገር ገና አልደረሰበትም፤ ስለዚህ ማዳበሪያውን ማብዛት፣ ትራክተሩን ማስገባት፣ የውሃ ሞተሩን ማዳረስ ነው፤ ያን ጊዜ በምግብ ራሳችንን እንችላለን። ባለሥልጣኑ በስብሰባ ይናገረዋል፣ ዜናው ይደግመዋል፣ የተማረውም ሰው ራሱን ነቅንቆ ያልፈዋል። እኔ ግን ይህ አባባል ከሥሩ ስህተት ነው እላለሁ። የደጋው ገበሬ ከነዳጁ ዓለም ውጭ ነው ማለቱ እውነት አይደለም፤ ወደዚያ ዓለም በገባ መጠን ራሱን ይችላል ማለቱ ደግሞ የባሰ ነው።

ጠዳን እንውሰድ። ከጎንደር ተነስቶ፣ አዘዞን አልፎ የባሕር ዳሩን አስፋልት የያዘ ሰው ጠዳን ሳያይ አይሄድም። የአካባቢው ዋልካ አፈር ክረምት ሲገባ እግር ይይዛል። በሐምሌ ገበሬው ጥማዱን ይዞ ይወርዳል፤ ሞፈሩ፣ ቀንበሩ፣ ማረሻው አያቱ ከያዙት ብዙም አይለይም። ከመኪና መስኮት ሆኖ የሚያይ ሰው ሞተር ያልነካው እርሻ ነው ቢል አይፈረድበትም። ማሳው ዳር ላይ ግን አንድ ጆንያ ተቀምጧል። ሲፈታ ነጫጭ፣ ድቡልቡል፣ በእጅ ሲዘግኑት የሚያዳልጥ ፍሬ ይወጣል። ዩሪያ ነው። የክርክሬ መነሻ ያ ጆንያ ነው።

ዩሪያ ለሰብሉ የሚሰጠው ናይትሮጅን ነው። ናይትሮጅን ደግሞ ከምንተነፍሰው አየር 78 በመቶው ያህል ነው፤ በየማሳው ላይ በነጻ ያንዣብባል። ችግሩ ጤፍም ሆነ ስንዴ ከአየር ላይ ሊወስደው አለመቻሉ ነው። በዋናነት ወደ አፈር የሚያወርደው ወይ በባቄላ፣ በአተርና በሽምብራ ሥር ላይ የሚኖረው ረቂቅ ተሐዋስ ነው፣ ወይ ፋብሪካ ነው። የፋብሪካውን መንገድ እ.ኤ.አ. በ1909 ያገኘው ጀርመናዊው ኬሚስት ፍሪትዝ ሃበር ነው፤ ካርል ቦሽ ወደ ኢንዱስትሪ አሳደገው፤ የመጀመሪያው ትልቅ ፋብሪካም በ1913 ኦፓው በተባለ ስፍራ ሥራ ጀመረ። ሥራው ናይትሮጅንን ከሃይድሮጅን ጋር ከ400 ዲግሪ በላይ በሆነ ሙቀትና ከተራው አየር ከመቶ እጥፍ በላይ በሆነ ግፊት ማጋባት ነው። ሃይድሮጅኑ በአብዛኛው የሚገኘው ከተፈጥሮ ጋዝ ነው። ሙቀቱም ግፊቱም የሚገኘው ከዚያው ጋዝ ነው። በአንዳንድ አገር፣ በተለይ በቻይና፣ በጋዙ ፈንታ የድንጋይ ከሰል ይገባል። ጋዙ ማገዶም ነው፣ ጥሬ ዕቃም ነው። ዛሬ በምድር ላይ ከሚኖረው ሕዝብ ግማሽ ያህሉ የሚበላው በዚህ መንገድ በተሠራ ናይትሮጅን የበቀለ ምግብ ነው።

አሁን ሒሳቡን እንሥራው። አንድ ቶን ዩሪያ ለመሥራት የሚጠፋው ጉልበት ወደ ናፍጣ ቢመነዘር ወደ 600 ሊትር ይጠጋል። ስለዚህ ጠዳ ማሳ ዳር የተቀመጠው ባለ 50 ኪሎ ጆንያ ገና ከፋብሪካው በር ሳይወጣ 30 ሊትር ናፍጣ የሚያህል ጉልበት በልቷል። ለአንድ ሄክታር አንድ ኩንታል ዩሪያ የጨመረ ገበሬ 60 ሊትር በትኗል ማለት ነው። ትራክተር አንድ ሄክታር አንድ ጊዜ ለማረስ የሚጠጣው ናፍጣ ከ20 ሊትር ብዙ አይርቅም። እንግዲህ በበሬ የታረሰው፣ ሞተር ያልነካው የሚባለው ማሳ ትራክተር ሦስት ጊዜ ያህል ቢመላለስበት ከሚበላው ጋር የሚስተካከል ጉልበት ውጧል። በሬው ያረሰው እውነት ነው፤ ያበቀለው ግን ጋዙ ነው።

ዩሪያ ብቻም አይደለም። ከዳፕ ማዳበሪያ ቀጥሎ የመጣው ኤንፒኤስ የሚባለው ፎስፈረስ አለው፣ ድኝም አለው። የፎስፌቱ አለት የሚሟሟው በሰልፈሪክ አሲድ ነው፤ የአሲዱ ድኝ ደግሞ በአብዛኛው የሚገኘው ነዳጅ ሲጣራና ጋዝ ሲጸዳ ከሚወጣው ተረፈ ምርት ነው። ይህም ከሞሮኮና ከሌላም አገር ተጭኖ፣ ባሕር አቋርጦ ጂቡቲ ይደርሳል። ከዚያ ከ1,000 ኪሎ ሜትር በላይ በናፍጣ መኪና ተጉዞ፣ ከዩኒየኑ መጋዘን ወደ መሠረታዊ ማኅበሩ ወርዶ፣ በመጨረሻ በአህያ ጀርባ ቀበሌ ይገባል። አህያዋ ብቻ ናት ነዳጅ ያልነካት።

ይህን የምጽፈው ገበሬውን በአየር ንብረት ጥፋት ልከስ ብዬ አይደለም። የጎንደር ገበሬ ለሰማይ መሞቅ ተጠያቂ የሚሆንበት ምክንያት የለም፤ በሄክታር የሚጨምረውም ማዳበሪያ የአውሮፓና የቻይና ገበሬ ከሚጨምረው ያነሰ ነው። የምከራከረው ስለ ጥገኝነት ነው። አንድ ሰው ሥሩ በሌላ አገር የጋዝ ጉድጓድ የተተከለ እህል አምርቶ ራሴን ቻልኩ ሲል ዝም ብሎ መስማት አልችልም።

የ2014ን ዓመት ማስታወስ ይበቃል። የጋዝ ዋጋ አውሮፓ ውስጥ ጣሪያ ነካ፤ ብዙ የአሞኒያ ፋብሪካዎች ሥራ ቀነሱ፣ አንዳንዶቹም ለጊዜው ቆሙ። በየካቲት ሩሲያ ዩክሬንን ወረረች። የዓለም ገበያ ላይ የዩሪያ ዋጋ በአንድ ዓመት ውስጥ ከእጥፍ በላይ ሆነ። ጠዳ ላይ ያለው ገበሬ ከሩሲያም ከዩክሬንም ጋር ጠብ አልነበረውም፤ ዝናቡም በፈቃዱ ነው የመጣው፤ በሬዎቹም ደህና ነበሩ። ያም ሆኖ በዚያ ክረምት ለዘር የያዘውን ገንዘብ ይዞ ማኅበሩ በር ላይ ሲደርስ ዋጋው አልገጠመውም። በ2015 ክረምት ደግሞ ገንዘቡ እያለ ጆንያው ጠፋ፤ የአማራ ክልል ገበሬዎች ማዳበሪያ አጣን ብለው አደባባይ ወጡ። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ብር በገበያ ዋጋ እንዲወሰን ሲለቀቅ፣ ከዶላር ጋር የታሰረው ሁሉ ተከትሎ ወጣ። በዚያ ላይ በክልሉ የተነሳው ጦርነት መንገድ ሲዘጋ፣ መኪናው ሲቆም፣ ናፍጣው ሲወደድ፣ ሁሉም መጨረሻው እዚያው ማሳ ላይ ነው።

በዚህ ላይ የሚሰጠኝን መልስ አውቀዋለሁ፤ ከባድም መልስ ነው። «ድሮ ስንዴ ከውጭ እንገዛ ነበር፤ አሁን ማዳበሪያ ገዝተን ስንዴውን እኛው እናመርታለን። አንድ ኪሎ ናይትሮጅን ብዙ ኪሎ እህል ያበቅላል። በዶላር ብናሰላው እህል ከመግዛት ማዳበሪያ መግዛት ይረክሳል።» ይህ እውነት ነው። በበጋ መስኖ ስንዴ የተገኘውን ምርት አላጣጥልም፤ የዓለም ምግብና እርሻ ድርጅት በጥር 2016 ለጠቅላይ ሚኒስትሩ የአግሪኮላ ሜዳሊያ የሸለመው ያንን አይቶ ነው። እኔ የምለው ግን ሌላ ነው። እህል ሲጠፋ በዓመቱ ውስጥ በማንኛውም ወር፣ ከማንኛውም ሻጭ ሊገዛ ይችላል፤ ውድ ቢሆንም ይበላል። ማዳበሪያ ግን ቀን አለው። ጤፉ ከተዘራና ጊዜው ካለፈ በኋላ በመስከረም የደረሰ ዩሪያ ለዚያ ዓመት ሰብል ከአሸዋ አይሻልም። ስለዚህ የስንዴውን መርከብ በዩሪያ መርከብ ስንተካ ወጪያችን ቀነሰ፤ አደጋው ግን ጠበበና በረታ። ቀድሞ ዓመቱን ሙሉ ተበትኖ የነበረው ስጋት አሁን በጥቂት የክረምት ሳምንታት ላይ ተከምሯል። ለ2017/18 የምርት ዘመን አገሪቱ ከውጭ ልታስገባ ያቀደችው 24 ሚሊዮን ኩንታል ነበር። ያ ሁሉ በአንድ ወደብ፣ በጥቂት መንገድ፣ በጥቂት ወር ውስጥ መግባት አለበት። ይህን ራስን መቻል ብሎ መጥራት ሕዝብን ማዘናጋት ነው።

ሁለተኛው መልስ የጎዴ ማዳበሪያ ፋብሪካ ነው። ነሐሴ 22 ቀን 2017 የኢትዮጵያ ኢንቨስትመንት ሆልዲንግስና የዳንጎቴ ግሩፕ የ2.5 ቢሊዮን ዶላር ስምምነት ፈረሙ፤ ከካሉብና ከሂላላ የሚወጣው ጋዝ በቱቦ ጎዴ ደርሶ በዓመት 3 ሚሊዮን ቶን ዩሪያ ይሠራል ተባለ። የያዩ የማዳበሪያ ፋብሪካ ላይ ስንት ዓመትና ስንት ገንዘብ እንደቀረ ለሚያስታውስ ሰው ይህ ተስፋ ነው፤ እኔም ቢሳካ ደስ ይለኛል። ዶላር ይቆጥባል፣ መርከብ ያስቀራል። ነገር ግን ከድርሻው 60 በመቶው የኩባንያው ነው፤ ኩባንያ ደግሞ የዓለም ገበያ በሚከፍለው ዋጋ መሸጥ ይፈልጋል። ከጎዴ እስከ ጎንደር ያለው መንገድ ከጂቡቲው አያጥርም፤ ያው ናፍጣ፣ ያው መኪና፣ ያው ኬላ ነው። ፎስፈረሱም ከባሕር ማዶ መምጣቱ አይቀርም። ከሁሉም በላይ ደግሞ ጋዙ የእኛ መሆኑ አፈሩን አያድነውም። የባለቤትነት ጥያቄና የአፈር ጥያቄ ሁለት የተለያዩ ጥያቄዎች ናቸው፤ ሁለተኛው ጭራሽ አልተነሳም።

አፈሩ ምን ሆነ? መልሱን ለማግኘት ከማሳው ወጥቶ ወደ ማዕድ ቤቱ መግባት ያስፈልጋል።

ከጠዳ ወጣ ብሎ ባለ አንድ ደጅ ላይ በጥቅምት ወይም በኅዳር ጠዋት ቆሞ ማየት ነው። እናት ከበረት የወጣውን እበት ከጭድ ጋር ለውሳ፣ በእጇ እየጠፈጠፈች ግድግዳው ላይና ድንጋዩ ላይ ትለጥፋለች። የአምስቱ ጣቷ ምልክት በእያንዳንዱ ኩበት ላይ ይቀራል። ሲደርቅ ይነቀልና ጥግ ይዞ ይከመራል፤ ክምሩ ከላይ በእበት ይመረጋል፣ ዝናብ እንዳያገኘው። ከዚያ ዓመቱን ሙሉ ምጣዱ ሥር ይነዳል። ከቤት የተረፈው በአህያ ተጭኖ ጎንደር ይሸጣል። ጭሱ ዓይን ያጠፋል፣ ሳንባ ይጎዳል፤ ያን ለብቻው ሌላ ሰው ይጻፈው። የእኔ ጉዳይ በጭሱ ውስጥ ስለሚሄደው ነገር ነው።

አንድ ኩንታል ደረቅ ኩበት ውስጥ አንድ ኪሎ ተኩል ያህል ናይትሮጅን አለ። ኩበቱ ሲነድ ያ ናይትሮጅን በሙሉ ማለት ይቻላል በጭስ ይወጣል። አንድ ቤት በዓመት 20 ኩንታል ኩበት ቢያነድ 30 ኪሎ ናይትሮጅን ሰማይ ሄደ ማለት ነው፤ ከአንድ ጆንያ ዩሪያ ይበልጣል። ፎስፈረሱና ፖታሽየሙ አመድ ውስጥ ይቀራሉ፤ አመዱ ደግሞ ጥግ ይደፋል፣ ማሳ አይደርስም። ለአፈሩ ሥጋና ደም የሚሆነው፣ ዋልካውን የሚያለሰልሰው፣ ውሃ የሚያስይዘው የበሰበሰ አካል ግን ጭራሹን ጠፋ፤ እሱን የሚተካ ጆንያ በየትኛውም መጋዘን የለም።

እንግዲህ ቀለበቱ ይህ ነው። ዛፉ አለቀ፤ ዛፍ ስላለቀ እበቱ ማገዶ ሆነ፤ እበቱ ማገዶ ስለሆነ ማሳው ተራበ፤ ማሳው ስለተራበ ገበሬው በብድር ዩሪያ ገዛ። የራሱ ከብት የሰጠውን ናይትሮጅን በምድጃ አቃጥሎ፣ ሌላ ሰው ጋዝ አቃጥሎ የሠራውን በዶላር ይገዛል። ስለ ግብርና የሚመክረው ቢሮ ይህን አያየውም፤ ማገዶ የእሱ ጉዳይ አይደለምና። ስለ ኃይል የሚመክረው ቢሮም አያየውም፤ ማዳበሪያ የእሱ ጉዳይ አይደለም። እናቲቱ ግን ሁለቱንም በአንድ እጇ ይዛለች።

ገበሬው ራሱ «መሬቱ ለምዷል» ይላል። አንድ ዓመት ካልተጨመረበት አይሰጥም ማለቱ ነው። ይህ ስንፍና ወይም አጉል እምነት አይደለም፤ ትክክለኛ ምርመራ ነው። የበሰበሰ አካል ያጣ አፈር የተጨመረለትን ማዳበሪያ እንኳ አይዝም፤ ከፊሉ በጎርፍ ይሄዳል፣ ከፊሉ በአየር ይበናል። በዚያ ላይ ዩሪያና ሌሎችም የአሞኒያ ማዳበሪያዎች ዓመት ከዓመት ሲጨመሩ አፈሩን ያኮመጥጣሉ። በአገራችን ከሚታረሰው መሬት 43 በመቶ ያህሉ አሲዳማ መሆኑ በየጉባኤው ይጠቀሳል። ደጋው ላይ ዝናቡ ራሱ ለዘመናት ያደረገው ብዙ ነው፤ ሁሉንም በማዳበሪያ ማሳበብ አይቻልም። ግን መድኃኒቱ ኖራ ነው ተብሎ ከደጀን ኖራ በናፍጣ መኪና ሲጫን፣ አንዱን የነዳጅ ዕዳ በሌላ የነዳጅ ዕዳ እየከፈልን መሆኑን ማን ይናገራል?

ወደ ትራክተሩ ልለፍ፤ እዚህ ላይ አልቆይም። በ2016 መንግሥት በቤንዚንና በናፍጣ የሚሠራ የቤት መኪና እንዳይገባ ከለከለ። ምክንያቱ ግልጽ ነበር፤ ለነዳጅ በዓመት ቢሊዮኖች ዶላር ይወጣል። በዚያው ጊዜ የናፍጣ ትራክተር ከቀረጥ ነጻ ይገባል፣ ለገበሬው ብድር ይመቻቻል፣ የተሰለፉ ትራክተሮች ፎቶ የዕድገት ምልክት ሆኖ ይቀርባል። ለከተማው ሰው ጎጂ የሆነው ጥገኝነት ለገበሬው እንዴት ዕድገት ሊሆን ቻለ? በመተማና በሁመራ ሰፊ የሰሊጥ እርሻዎች ትራክተር የግድ ነው፤ ያን አልክድም። የወገራን ተዳፋት፣ ግማሽ ሄክታርን በሦስት ቦታ ከፋፍሎ የያዘ የጠዳን ገበሬ ግን በዚያው ልብስ ማልበስ ማስተዋል የጎደለው ነው። በሬ ድርቆሽ ይበላል፣ እበት ይሰጣል፣ ሲያረጅ ይሸጣል፤ ትራክተር መለዋወጫውና ናፍጣው በዶላር ነው።

የውሃ ሞተሩስ? መገጭን ተከትሎ በበጋ ሽንኩርትና ቲማቲም የሚያለማ ገበሬ ትንሿን የቤንዚን ሞተር ተሸክሞ ወንዝ ይወርዳል፤ ገመዱን ሲስብ ትጮሃለች፣ ውሃውም በላስቲክ ቱቦ ሽቅብ ይወጣል። ያ ሞተር የብዙ ሰው ጎጆ አውጥቷል፤ ልጅ አስተምሯል። ነገር ግን በ2017 ቤንዚን በማደያ ዋጋ እንኳ ሊትሩ 100 ብር አለፈ፤ ገበሬው ደግሞ ማደያ ተሰልፎ በጀሪካን መቅዳት ስለሚከለከል የሚገዛው ከጥቁር ገበያ ነው። ሽንኩርቱ ሦስት ውሃ ሲቀረው ቤንዚን ጠፋ ማለት ሽንኩርቱ ጠፋ ማለት ነው። የሚያሳዝነው መሬቱ የሚገኘው ከጎንደር ከተማ ሥር፣ የኤሌክትሪክ ምሰሶ በሚያልፍበት ቦታ መሆኑ ነው። ገበሬው ምሰሶውን ቀና ብሎ እያየ ቤንዚን ፍለጋ ይንከራተታል። ውሃውን ያለ ሞተር በቦይ ሊያወርድ የሚችለው የመገጭ ግድብም ሥራው ከአሥር ዓመት በላይ ፈጅቷል።

በዚህ ነጥብ ላይ ሁልጊዜ የምትነሳው ስሪላንካ ናት። እ.ኤ.አ. በ2021 የስሪላንካ መንግሥት የኬሚካል ማዳበሪያን በአንድ ጊዜ ከለከለ፤ የሩዝ ምርት ወደቀ፣ የሻይ ገበሬው ጮኸ፣ ዓመቱ ሳያልቅ ክልከላው ተነሳ። «አየህ፣ ያለ ማዳበሪያ ረሃብ ነው» ይሉኛል። እኔም ረሃብ ነው እላለሁ። ነገ ጠዋት ዩሪያ ይቅር የሚል ሰው ጠዳ መጥቶ ለገበሬው በአካል ይንገረው። ኩበት ሁሉ ማሳ ቢገባ እንኳ ዩሪያን ሙሉ በሙሉ አይተካም፤ አንድ ኩንታል ዩሪያ ለመተካት 30 ኩንታል ደረቅ እበት ይፈልጋል፣ ከዚያም ውስጥ ሰብሉ በዓመቱ የሚያገኘው ከፊሉን ነው። ሕዝቡ በዝቷል፣ መሬቱ ጠቧል። ይህን ሒሳብ የማያውቅ የተፈጥሮ እርሻ ሰባኪ ገበሬውን ይጎዳዋል። ከስሪላንካ የምወስደው ትምህርት ግን ከእነሱ የተለየ ነው። አፈሩን አስቀድሞ ያላዘጋጀ አገር፣ ማዳበሪያው በአዋጅ ቀረ፣ በጦርነት ቀረ፣ ዶላር በማጣት ቀረ፣ ውጤቱ አንድ ነው። የእነሱ መንግሥት በፈቃዱ ያደረገውን በእኛ ላይ ገበያው ወይም የተዘጋ መንገድ ሳያስጠነቅቅ ሊያደርገው ይችላል። በ2015 በከፊል አድርጎታል።

ስለዚህ የሚያስፈልገው ዩሪያውን መከልከል ሳይሆን፣ ዩሪያው አንድ ዓመት ቢዘገይ የማይሞት ማሳ መሥራት ነው። ለዚያ የሚሆነው ነገር ደግሞ ከሩቅ አይመጣም።

ሽምብራ አለ። የጎንደር ዙሪያና የደምቢያ ዋልካ ክረምቱ ሲወጣ እርጥበቱን ይዞ ስለሚቆይ፣ በመስከረም ሽምብራ ተዘርቶ ያለ ዝናብ፣ ያለ ሞተር፣ ያለ ዩሪያ እስከ ጥር ይደርሳል። ናይትሮጅኑን ከአየር ላይ ራሱ ያወርዳል። አብዛኛውን በእህሉ ይዞት ይወጣል፤ የሚቀረው ግን ለሚቀጥለው ዓመት ጤፍ ወይም ስንዴ ዋጋ አለው፤ የበሽታንና የአረምን ቀለበትም ይሰብራል። ደጋ ላይ፣ ወገራና ዳባት፣ ባቄላው ይህንኑ ይሠራል። ተሐዋሱን ከዘሩ ጋር ለውሶ መዝራት ደግሞ የበለጠ ያሠራዋል፤ አገር ውስጥ መናገሻ ባዮቴክ የሚባል ድርጅት ያመርተዋል፣ ለአንድ ሄክታር የሚበቃው በአንድ እጅ የሚያዝ ከረጢት ነው። ጂቡቲ አይነካውም። (ጓያም ያው ጥራጥሬ ነው፣ በዚያ አካባቢ በብዛት ይዘራል፤ ነገር ግን በክፉ ዓመት እሱን ብቻ የበላ ሰው እግሩ እንደሚታሰር ደምቢያ ከማንም በላይ ያውቃል፤ እሱን አልመክርም።) ታዲያ የልማት ሠራተኛው የሚገመገመው በምንድን ነው? ባሰራጨው ማዳበሪያ ኩንታል ነው። በቀበሌው ስንት ሄክታር ጥራጥሬ ተፈራርቆ ተዘራ፣ ስንት ኪሎ ናይትሮጅን ከአየር ወረደ ተብሎ የተጠየቀ ሠራተኛ የት አለ? የሚለካው ነገር እስካልተለወጠ የሚሠራው አይለወጥም።

ባዮጋዝም ተሞክሯል። ብሔራዊው የባዮጋዝ ፕሮግራም ሲጀመር አማራ ክልል ከመጀመሪያዎቹ ክልሎች አንዱ ነበር። አሳቡ ግሩም ነው፤ እበቱ ጉድጓድ ይገባል፣ ጋዙ ወጥ ያበስላል፣ ዝቃጩ ናይትሮጅኑን እንደያዘ ማሳ ይሄዳል። የደከመበት ምክንያት እንጀራ ነው። የባዮጋዙ ነበልባል ለምጣድ ስላልበቃ እናት ለእንጀራው ወደ ኩበቱ ተመለሰች፤ አብዛኛው ማገዶ ደግሞ የሚጠፋው እዚያው ምጣድ ላይ ነው። እንጀራን ያላሰበ የኃይል ዕቅድ ለዚህ አገር አይሆንም።

ለምጣዱ የሚሆነው ኤሌክትሪክ ነው፤ ኤሌክትሪክ ደግሞ አሁን አለን። የሕዳሴው ግድብ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ተመርቋል። አንድ የኤሌክትሪክ ምጣድ ሦስት ኪሎዋት ተኩል ያህል ይስባል፤ የገጠሩ መስመር ዛሬ ያን አይችልም፣ አምፖል ሲበራ እንኳ ይደክማል። ትራንስፎርመሩን ማጠናከር ግን የግብርና ሚኒስቴር የራሱ ጉዳይ ነው ብዬ ነው የምከራከረው። ጠዳና አካባቢው ላይ እንጀራ በኤሌክትሪክ ቢጋገር፣ ያ ሁሉ ኩበት በሚቀጥለው ክረምት ማሳ ላይ ነው። የኤሌክትሪክ ምጣድ የማዳበሪያ ጉዳይ ነው። የመገጩም ሽንኩርት በዚያው መስመር ውሃ ይጠጣል።

ማዳበሪያውንም ቢሆን ከውሃ ጉልበት መሥራት ሕልም አይደለም። ግብጽ አስዋን ላይ የኪማን ፋብሪካ ተክላ፣ እ.ኤ.አ. ከ1960 ጀምሮ በዓባይ ኤሌክትሪክ ውሃን ሰንጥቃ፣ ሃይድሮጅኑን አውጥታ፣ ለአሥርት ዓመታት ማዳበሪያ ስትሠራ ኖራለች፤ ወደ ጋዝ የዞረችው በቅርብ ጊዜ ነው። ዚምባብዌም ክዌክዌ ላይ በካሪባ ግድብ ኃይል ይህንኑ ለብዙ ዓመት አድርጋለች። ይህ ዘዴ ኤሌክትሪክ በጣም ይበላል፤ ከጋዙም ይልቅ ይወደድ ነበር፤ ሁለቱም አገሮች የተዉት ለዚህ ነው። ግን የዓባይን ውሃ ወደ ማዳበሪያ መለወጥ ይቻላል ወይ ብሎ ለሚጠይቅ ሰው፣ ከእኛ የሚወርደው ውሃ ይህን ሥራ ከስድሳ ዓመት በፊት ሠርቶታል። ጎዴ ላይ በቢሊዮን ዶላር ሲፈረም ይህ መንገድ በቅጡ በአደባባይ አለመመርመሩ ያስቆጨኛል።

«ገንዘቡ ከየት?» የሚለው የመጨረሻው ጥያቄ ነው። መንግሥት ለማዳበሪያ ድጎማ በየዓመቱ ብዙ ቢሊዮን ብር ያወጣል። ያ ገንዘብ ወጥቶ፣ ተበትኖ፣ በመስከረም ጎርፍ ወደ ጣና ይወርዳል፤ በሚቀጥለው ዓመት እንደገና ከዜሮ ይጀመራል። ትራንስፎርመር ግን አንድ ጊዜ ተተክሎ ለብዙ ዓመት ያገለግላል። የሚመጣው የማዳበሪያ በጀት ሲጸድቅ፣ ከድጎማው አንድ አሥረኛው እንደ ጠዳ ባሉ፣ ምሰሶ በደረሰላቸው ቀበሌዎች ለምጣድ መስመርና ለውሃ ፓምፕ ይመደብ፤ የቀረው ዘጠኝ እጅ ለዩሪያው ይሁን። አፈሩም ከመጀመሩ በፊት አንድ ጊዜ፣ ከሦስት ዓመት በኋላ አንድ ጊዜ ይመርመር፤ ውጤቱ በቀበሌው ሰሌዳ ላይ ለገበሬው ይለጠፍ።